ከፋይ የለበሰው ሪሞት

ሰው ስሙን የሚያገኘው በሥራው ነው ይባላል። ውሸት ነው። እኔ ስሜን ያገኘሁት በጥፊ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤት ለጥየቃ ገብቼ፣ ሬዲዮናቸው እያጓራ አላስወራ ቢለን ጊዜ አናደደኝና ጎኑን በጥፊ አልሁት። ሬዲዮው ወዲያው ጉሮሮውን ጠርጎ ዜና ማንበብ ጀመረ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደሚያውቅ ሰው አንገቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በደብረ ታቦር፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር መሆኑን ስናገር "ታዲያ የተማረ ሰው አይደለህ!" ይሉኛል። እንደማላውቅ ልናገር ፈልጌ ቃሉ አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። "አላውቅም" ማለት ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ ለአስተማሪ ግን ዳገት ነው። ባለቤቴ ብርቱካን "አንተ 'አላውቅም' ያልህ ዕለት እኔ ድግስ እደግሳለሁ" ትላለች። እስካሁን ወጪ አላወጣችም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ጋሽ ላቀው የሚባሉ ጎረቤት አሉን፤ ግቢያቸውን ከእኛ ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ነው። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ፋርጣ ነው። በወጣትነታቸው ወደ ድሬዳዋ ወርደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የምድር ባቡር ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ባቡር የለም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የባቡር ሐዲድ በጠመኔ ስስል ኖሬ፣ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጋሽ ላቀው ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ሰዉ የሚሰማቸው ስለ ገነት ሲወራ እንደሚሰማው ነው። መስማቱ ደስ ይላል፤ ደርሶ የመጣ ግን የለም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ወሬያቸው አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ሰው ይነሣባቸዋል፤ እሱም "ባቡር መሪ የለውም" ሲሉ ነው። በወር በወሩ በሚጠጡት የሚካኤል ማኅበር ይህ ነገር ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። ዋናው ተሟጋች አያ ታከለ ናቸው፤ ከጉና ተራራ ሥር ገብስ የሚያርሱ፣ የጋሽ ላቀው የልጅነት ጓደኛ፣ በሙግት የሚያርፉ ሰው።

"በሬ እንኳ እርፍ ተይዞ ነው የሚያርስ" ይላሉ አያ ታከለ። "መሪ የሌለው ነገር ነዳሁ ያልህ አንተ የመጀመሪያህ ነህ።"

"ሐዲዱ ይመራዋል ብየህ የለም እንዴ?"

"እሽ፣ መታጠፍ የፈለገ እንደሁስ?"

"ራሱ ይታጠፋል።"

"ራሱ!" ይላሉ አያ ታከለ፣ ወደ ማኅበርተኛው ዞረው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ጋሽ ላቀውም አብረው ይስቃሉ፤ የሚስቁት ግን በአፋቸው ብቻ ነው። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ "መምህር" አሉኝ፣ "እኔኮ መሬት አላረስሁ፣ ከብት አላረባሁ። እዚህ አገር ሰው የሚባልበት ነገር የለኝም። ያለኝ ያ ሥራዬ ነው። ስሞት 'መሪ የሌለው ነገር ነዳሁ ይል የነበረ' እየተባልሁ ነው የምቀበር።" እኔም ስለ አየሩ ጠባይ አወራሁላቸው።

ድሬዳዋ የቀረችው ልጃቸው ሰናይት ይህን ሁሉ በስልክ ስትሰማ ኖራለች። ማኅበሩን የመደገስ ተራ ለአባቷ የሚደርስበት ወር ሲቃረብ አንድ ካርቶን በሰው እጅ ላከች። ውስጡ ክንድ የምታህል የአሻንጉሊት ባቡር፣ እየተቀጣጠለ ክብ የሚሠራ የላስቲክ ሐዲድ፣ ደግሞም በእጅ የሚያዝ ሪሞት ነበረ። በመጣች ዕለት ተገጣጥማ ሄደች። እኔ አላየኋትም፤ የጋሽ ላቀው ጩኸት ግን አጥር ተሻግሮ ተሰማን። ብርቱካን ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ጋሽ ላቀው ደስታቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ለአያ ታከለ በገበያተኛ መልእክት ላኩላቸው፤ "ለሚካኤል እንዳትቀር። መሪ የሌለውን በዓይንህ ታያለህ" ብለው።

በማግስቱ ባቡሯ አልሄድም አለች። እኔም ተጠራሁ።

የጋሽ ላቀው ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ። በእሳቸው ቤት ልብስ የሌለው ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ጥልፍ፣ ሬዲዮው ዳንቴል ለብሷል፤ ፔርሙሱ እንኳ የክረምት ሹራብ አለው። ከድሬዳዋ ድረስ የመጣ ሪሞት ታዲያ እንዴት ራቁቱን ያድራል? በመጣ በማግስቱ ማለዳ ከቀይ ከፋይ ልክክ ያለ ልብስ ሰፉለት። በጀርባው በወርቃማ ክር መስቀል ጠለፉበት። ቁልፎቹ እንዲታዩ በሆዱ በኩል ስስ ላስቲክ አደረጉለት። ዐናቱን ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ከፋዩን ደርበው ደፈኑት።

"ከትናንት ወዲህ ምን ነካው?" ብዬ ጠየቅሁ፣ እንደ ሐኪም።

"ኧረ ምንም አልነካው!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "ምንም እንዳይነካው ብዬ አይደል ያለበስሁት!"

እናንተ አንባቢዎች ብልሆች ናችሁ። ሪሞት ትእዛዙን የሚልከው ዐናቱ ላይ ባለች ትንሽ መብራት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ገና ከፋይ ስል ነቅታችኋል። እኔ ግን በጥፊ የተመረቅሁ ሰው ነኝ። ያየሁት የልብሱን ማማር ብቻ ነው። "እጅዎ ይባረክ" ብዬ አመሰገንሁና ሪሞቱን ጎኑን በጥፊ አልሁት። ከፋዩ ለስላሳ ስለሆነ ድምፅ እንኳ አልሰጠም።

ከዚያ ወደ ድንጋዩ ሄድን፤ የባትሪ ድንጋዩን ማለቴ ነው። እኛ ዘንድ የባትሪ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም፤ ይታከማል። መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃል። ጋሽ ላቀው ድንጋዮቹን ሰፌድ ላይ ከተሰጣው በርበሬ ጎን አሰጧቸው። ፀሐይ ካልፈወሰው በጥርስ ይነከሳል። ነከስሁት። ድንጋዩ ላይ የጥርሴ ምልክት፣ ምላሴ ላይ የበርበሬው እሳት ቀረ። ይህም ካልሆነ ይቀቀላል። በብርቱካን የወተት ማፍያ ቀቀልሁት። እሷ ከገበያ ስትመለስ ስለተባባልነው ነገር አልናገርም፤ ትዳር ምሥጢር ነው። በመጨረሻ አዲስ ድንጋይ ከሱቅ ገዝተን ብንከትበትም ያው ሆነ።

"ቤት ወስጄ ልክፈተው" አልሁ። ልክፈተው ማለት ቀላል ነው። ብሎኖቹ የኑግ ፍሬ ያካክላሉ፤ የእኔ ካቻቢቴ ደግሞ የበር ማጠፊያ የሚፈታ ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ብርሃን ፍለጋ ወጥቼ፣ የከፋይ ልብሱን በክብር አውልቄ፣ አጣጥፌ አስቀምጬ፣ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ጫፍ መፍታት ጀመርሁ። ክዳኑ ሲነሣ ድንጋዩን የምትገፋው ትንሿ ሞላ ጥንጥ ብላ ወጣችና ግቢው ውስጥ ወደቀች። ገና ስነሣ ገብስማዋ ዶሮአችን ቀድማኝ ለቅማት ሮጠች። ቢላዋውን እንደያዝሁ ተከተልኋት። ግቢውን ዞርን። ጎመኑን ረገጥን። ብርቱካን ያሰጣችውን አንሶላ አልፈን አጥሩ ጥግ አጣብቄ ልይዛት ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"መምህር!"

ቀና ብል ቄስ አዳነ ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ የሚካኤል ማኅበሩም አባት እሳቸው ናቸው።

"በረቡዕ?" አሉ፣ በሐዘን።

ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ያን ጊዜ ታወሰኝ። "አባ፣ ላርዳት አይደለም!"

"ቢላዋውስ?"

"ሪሞት እየሠራሁበት ነው።"

ቄስ አዳነ ዶሮዋን አዩ፣ ቢላዋውን አዩ፣ እኔን አዩ። "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ከአጥር በስተጀርባ የቆመው ሕዝብ ግን ምላስ አለው። ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ መምህሩ በጾም ቀን ዶሮ አረደ ይል ነበር። ወጡ ሸተተኝ ያለም አልጠፋም። ዶሮዋ ደህና ናት። ሞላዋን የት እንደጣለቻት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። እኔ ከቀይ እስክሪብቶዬ ውስጥ ሌላ ሞላ አውጥቼ፣ ቆራርጬ ገጠምሁበት። በዚያ ሳምንት የተማሪዎቼ ፈተና በእርሳስ ታረመ።

ክዳኑን ዘግቼ ቁልፉን ስጫነው ዐናቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ብርቱካን እልል አለች። እኔም በደስታ ወደ ጋሽ ላቀው ቤት ልበር ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰው ዕቃ ራቁቱን አይመለስም። ከፋዩን መልሼ አለበስሁት፤ ዐናቱ ድረስ ስቤ በደንብ አስተካከልሁለት።

እንደገመታችሁት ነው። አልሠራም።

"እኛ ቤት ሠርቶ ነበርኮ!" አልሁ።

"እኛም ቤት የመጣ ዕለት ሠርቶ ነበር" አሉ ጋሽ ላቀው።

ወሰድሁት፤ አወለቅሁት፤ መብራቷ በራች። አለበስሁት፤ መለስሁት፤ ሞተ። ቤቱ ሲሆን የሚያነበንብ፣ አስተማሪ ፊት ሲቆም ግን "ሀ" የሚጠፋው ተማሪ አለ፤ ይህም እንደዚያ ሆነ። ጋሽ ላቀውና እትዬ ጥሩወርቅ ምክንያቱን ከእኔ ይጠብቃሉ። "አላውቅም" የሚለው ቃል መጣ፤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ተመለሰ።

"ከፍታው ነው" አልሁ። "ይህ ዕቃ የተሠራው ለቆላ ነው። የእኛ አየር ስስ ነው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ሞገዱን ወደ ጎን ይወስደዋል።"

"እና ማኅበሩን ወረታ አውርጄ ላብላ?" አሉ ጋሽ ላቀው።

"ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። "በኛና በናንተ መካከል ያለው አጥር እንጂ ገደል ነው? እናንተ ቤት የሠራ እኛ ቤት ለምን እንዳልሠራ እኔ አውቃለሁ። የሰው ዓይን ነው። በመጣች ዕለት ስንት ሰው ገብቶ አያት!" ብለው ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፈው መጡና፣ በከፋዩ ውስጥ አስገብተው ዐናቱ ላይ ጠቀጠቁለትና አፉን በክር ሰፉት። እኔም በሆዴ ከእኔ ምክንያት የእሳቸው ይሻላል አልሁ።

የማኅበሩ ዋዜማ ጋሽ ላቀው ራሳቸው ወደ እኛ ቤት መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው እምቢ አሉ። በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ "መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ። "ታከለ መልእክቱ ደርሶታል፤ እመጣለሁ ብሏል። እሱም አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ተራው ደግሞ እስኪዞርልኝ ማናችን እንደምንኖር አይታወቅም። ነገ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ካልሄደች ዛሬውኑ ካርቶኗ ውስጥ ልመልሳትና ልተወው።"

ብርቱካን ከጓዳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ድግሱን የምትደግስበት ሰዓት ይህ ነበር።

"ትሄዳለች" አልሁ።

ብርቱካን ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አውቃለሁ እያሉ ሰውን መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌን በተስፋ መዋሸት ግን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞላው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ጸሎት ደርሷል፤ ዳቦው ተቆርሷል፤ ጠላው እየዞረ ነው። ሐዲዱ ቤቱ መካከል ቄጠማው ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ባቡሯም ላዩ ላይ አለች። አያ ታከለ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከሁሉም ቀርበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ላቀው አዲስ ኮት ለብሰው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፋይ የለበሰውን ሪሞት ዘረጉና ተጫኑ።

ምንም የለም።

ደግመው ተጫኑ። ከበር በኩል አንዱ "መሪ ብቻ ሳይሆን እግርም የላት" ሲል ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ላቀው በአፋቸው ሳቁ። ሦስተኛ ሲጫኑ ሪሞቱን ባቡሯ ላይ ሊያስነኩ ደርሰው ነበር። በዚህ ጊዜ አያ ታከለ አልሳቁም። የጓደኛቸውን ፊት አዩና "ተዋት በቃ" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። "ታማ ይሆናል። ሌላ ጊዜ እናያታለን።" ሳቃቸውን እንችለው ነበር፤ ማዘናቸው ግን ገደለን። ጋሽ ላቀው ወደ እኔ ዞር አሉ። አልተቆጡም። በሽተኛ ሐኪሙን እንደሚያይ ነው ያዩኝ።

ዘልዬ ተነሣሁ። ምን ላደርግ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ሪሞቱን ከእጃቸው ተቀብዬ ጎኑን በጥፊ ለማለት እጄን ስሰነዝር የቄስ አዳነን ዋንጫ መታሁት። ጠላው በሙሉ ሪሞቱ ላይ ተደፋ።

"ኧረ ከፋዬን!" ብለው እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ ደረሱ። ሪሞቱን ነጠቁኝ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ልብሱን ገፈው አወለቁት። ጤና አዳሙ ዱብ አለ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ቁልፎቹን መጥረግ ሲጀምሩ ባቡሯ ጡጥ ብላ ጮኸች። ሄደች።

ማኅበርተኛው እግሩን ሰበሰበ። ቄስ አዳነ አማተቡ። እትዬ ጥሩወርቅ በአንድ እጃቸው ከፋዩን፣ በሌላው ሪሞቱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከፋዩን አዩት። እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ተነጋግረን አናውቅም።

ባቡሯ ትዞራለች። አያ ታከለ በክርናቸው ተደግፈው ከፊቷም ከኋላዋም አዩአት። ፊታቸው ስትደርስ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ታጥፋ ስትሄድ ይለቁታል። ሲበቃቸው ቀና አሉና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

"መሪ የላትም። ራሷ ትታጠፋለች። ላቀው እውነቱን ነው።"

ቤቱ አጉረመረመ። የጋሽ ላቀው ፊት በራ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! አያ ታከለ ግን ሙግት ሳይጨርሱ አይነሡም።

"ግን" አሉ። "ራሷ ከሄደች፣ ራሷም ከታጠፈች፣ አንተ ያን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ነው ደመወዝ የበላህ?"

አሁን የሳቀ የለም። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። እኔም በሆዴ፣ ያን ሁሉ ተለፍቶ ሰውየውን ከቀላል ሐሜት አውጥተን ከባድ ሐሜት ውስጥ ከተትናቸው አልሁ።

"ማቆም" አሉ ጋሽ ላቀው።

"ምን?"

"ማቆም ነበር ሥራዬ። መሄዱንማ ሐዲዱ ያውቀዋል። ላም ሐዲዱ ላይ ስትገባበት፣ ግመል ሲገባበት፣ ሰው ሲገባበት ማቆም ነው የኔ ሥራ። ባቡር ደግሞ እንደ በሬ ቁም ስላልኸው አይቆምም። ከሩቅ አይተህ፣ ቀድመህ ነው የምትይዘው።"

"እስቲ አቁማት።"

ጋሽ ላቀው ሪሞቱን ከባለቤታቸው ተቀበሉና የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኑ። ጠላው ግን ቁልፎቹ ሥር ገብቷል። ባቡሯ አልቆመችም፤ እንዲያውም ባሰባት። ደግመው ተጫኑ። ዞረች። አያ ታከለ ይጠብቃሉ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል።

ጋሽ ላቀው ሪሞቱን ቄጠማው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በሽማግሌ ጉልበታቸው ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ባቡሯ ገና ከወዲያ ማዶ ነበረች። ሮጠው ሊይዟት አልሞከሩም፤ የምትመጣበትን አይተው ቀድመው መዳፋቸውን ሐዲዱ ላይ አኖሩ። መጣች። መዳፋቸውን ገጨችው። ጎማዎቿ እየተንጫጩ ትገፋለች፤ እጃቸው ግን አልነቃነቅም አለ። ቆመች።

አያ ታከለ ዱላቸውን ወደ ጎን አደረጉ። በጉልበታቸው እየዳኹ መጡና ከጓደኛቸው መዳፍ ጎን የራሳቸውን የአራሽ መዳፍ አስቀመጡ። ጋሽ ላቀው እጃቸውን አነሡላቸው። አያ ታከለ ክንዳቸውን አጠነከሩ።

"ትገፋለች" አሉ።

"ትገፋለች።"

"ትልቋስ?"

"ትልቋማ..." ብለው ጋሽ ላቀው ሁለት ክንዳቸውን ዘረጉ።

"ያን ሁሉ ዘመን ያዝሃት?" አሉ አያ ታከለ፣ በሌላው እጃቸው የጓደኛቸውን ትከሻ ይዘው።

ጋሽ ላቀው አንገታቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ኮታቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ቄስ አዳነ ሊያሳርጉ ተነሥተው ነበር፤ ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው "እስቲ ለእኔም" ብለው ተንበረከኩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላው፣ ከሌላው ቀጥሎ ሌላው፣ ማኅበርተኛው በሙሉ በዕድሜ በዕድሜው ወረፋ ያዘ። እኔ ታናሽ ስለሆንሁ የመጨረሻው ነበርሁ። ተራዬ ሲደርስ ተንበርክኬ መዳፌን አኖርሁ። ትንሽ ናት፤ ግን ትገፋለች።